ለሥራ ማከፋፈያ የትኛውን የሲፒዩ ቁጥር ልመን? (ሊኑክስ፣ አራት ማሽን፣ አንድ ስክሪፕት)

የላብ_ዘበኛ

ሰላም ለዚህ ቤት።

የምሠራበት የትምህርት ክፍል አራት ሰርቨሮች አሉት፤ እያንዳንዳቸው 32 ትሬድ ናቸው (በአንድ ጊዜ 32 ሥራ ማስኬድ ይችላሉ)። ሦስቱ ላይ ኡቡንቱ 22.04 አለ፣ አንዱ ከሬድ ሃት 8 ወገን ነው። የማስተርስ ተማሪዎች ሥራቸውን አንድ ፎልደር ውስጥ ይጥላሉ። አብዛኛው የፓይተን ስሌት ነው፣ ጥቂቱ ቪዲዮ ኢንኮዲንግ። አንድ ስክሪፕት በየ10 ሰከንዱ እየነቃ "ብዙም ያልተያዘውን" ማሽን ይመርጥና ይልካል። ስክሪፕቱን የጻፈው ከእኔ በፊት የነበረ ልጅ ነው፤ የሚመርጠውም በፒኤስ (ፕሮሰሶችን በሚዘረዝረው) ትእዛዝ የሚወጣውን የሁሉንም ፕሮሰስ የሲፒዩ ፐርሰንት ደምሮ ነው።

የሚያስቸግረኝ ሁለት ነገር ነው። አንዳንዴ አሥራ አምስት ሥራ አንዱ ማሽን ላይ ይከመርና ጎረቤቱ ባዶውን ያድራል። ሌላ ጊዜ ደግሞ አራቱም 100 ፐርሰንት ይሆኑና ስክሪፕቱ የሚመርጥበት ነገር ያጣል፤ ግን አንዱ ላይ የተላከው ሥራ ቶሎ ሲያልቅ ሌላው ላይ የተላከው ይንቀራፈፋል።

ጥያቄዬ፦ ከርነሉ (የሊኑክሱ እምብርት) ራሱ ሥራ ሲያከፋፍል የሚያየው ነገር አለ አይደል? ለምን እሱኑ አያሳየንም? የትኛውን ፋይል ላንብብ?

ከርነል_ነካሽ

በመጀመሪያ ፒኤስን ከዚህ ሥራ አውጣው። ፒኤስ የሚያሳይህ ፐርሰንት ፕሮሰሱ ከተወለደ ጀምሮ የበላው የሲፒዩ ጊዜ ለዕድሜው ተካፍሎ ነው፤ ማኑዋሉ ላይም ተጽፏል። 10 ሰዓት ተኝቶ ቆይቶ ከ6 ደቂቃ በፊት አንድ ኮር ሙሉ ለሙሉ መብላት የጀመረ ፕሮሰስ 1 ፐርሰንት ገደማ ሆኖ ይታይሃል። ሌሊቱን ሲፈጭ አድሮ አሁን ዲስክ የሚጠብቀው ደግሞ 90 ምናምን ይላል። አንተ አሁን ያለውን ትጠይቃለህ፣ እሱ የሕይወት ታሪክ ይተርክልሃል። አንዱ ማሽን ላይ ለምን እንደሚከመር ግማሹ መልስ ይህ ነው።

ጥሬው ቁጥር ያለው ከርነሉ የውስጡን ቁጥሮች በሚያሳይበት በ/ፕሮክ ፎልደር፣ /ፕሮክ/ስታት ውስጥ ነው። የመጀመሪያው መስመር የሁሉም ሲፒዩ ድምር ነው፣ ከሥሩ የእያንዳንዱ ሲፒዩ መስመር ይከተላል። አሥር ዓምድ አለው፤ በቅደም ተከተል ዩዘር፣ ናይስ፣ ሲስተም፣ አይድል፣ አይኦዌይት፣ አይአርኪው፣ ሶፍትአይአርኪው፣ ስቲል፣ ጌስት፣ ጌስት ናይስ። ሁሉም ማሽኑ ከተነሳ ጀምሮ የሚጠራቀሙ ቆጣሪዎች ናቸው፤ መለኪያቸው ብዙ ጊዜ የሰከንድ መቶኛ ነው። ከርነሉ ፐርሰንት አይሰጥህም። ሁለት ጊዜ ታነባለህ፣ ትቀንሳለህ፣ ታካፍላለህ።

ሰው የሚሰናከልባቸውን ቦታዎች ልንገርህ፦

ጌስት የሚለው ዩዘር ውስጥ አስቀድሞ ተቆጥሯል። አሥሩንም ዓምድ ዝም ብለህ ከደመርክ ቨርቹዋል ማሽን የሚያሄድ ሰርቨር ላይ ሁለቴ ትቆጥራለህ።

አይኦዌይት አይታመንም። የከርነሉ ሰነድ ራሱ አትመኑት ይላል፤ አንዳንዴ ወደ ኋላ ሁሉ ይቀንሳል። ለአንተ ሥራ ከአይድል ጋር ደምረው፤ ዲስክ እየተጠበቀ ያለ ሲፒዩ ሌላ ሥራ መቀበል ይችላል።

በጣም ቶሎ ቶሎ አታንብብ። በ50 ሚሊሰከንድ ልዩነት ብታነብ ለአንድ ሲፒዩ የምታገኘው አምስት ምት (የቆጣሪው አንድ አንድ ጭማሪ) ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ምት 20 ፐርሰንት ያዘልልሃል። የአንተ 10 ሰከንድ ደህና ነው።

ቀበና_ማዶ

ይሄ ሁሉ ለምን? ሎድ አቨሬጅ (የሚሮጡና የሚጠብቁ ሥራዎች አማካይ ብዛት) አለ አይደል። /ፕሮክ/ሎድአቭግ ክፈት፣ የመጀመሪያውን ቁጥር ውሰድ፣ ትንሹ ያሸንፋል። አለቀ።

እትዬ_ተርሚናል

አያልቅም ልጄ። እኔ ከሶላሪስ ዘመን ጀምሮ ሰርቨር ሳስታምም የኖርኩ ነኝ፤ ሰው በሎድ አቨሬጅ ሲታለል ያየሁትን ያህል በሌላ ነገር ሲታለል አላየሁም።

አንደኛ፣ ሊኑክስ ላይ ሎድ አቨሬጅ የሲፒዩ ቁጥር ብቻ አይደለም። ከ1993 (በፈረንጅ) ጀምሮ፣ የማይቋረጥ እንቅልፍ ውስጥ ያሉትንም ይቆጥራል፤ ፒኤስ ላይ "ዲ" እየተባሉ የሚታዩትን ማለቴ ነው። ዲስክ ወይም የኔትወርክ ፋይል የሚጠብቁ ናቸው። የኤንኤፍኤስ (በኔትወርክ ፋይል የሚያጋራው) ሰርቨርህ ለአፍታ ቢያንቀላፋ ሎዱ 60 ይደርሳል፣ ሲፒዩው ግን ባዶ ነው።

ሁለተኛ፣ ዘገምተኛ ነው። ከርነሉ በየ5 ሰከንዱ ገደማ ናሙና ይወስድና ከቀድሞው ጋር እያቀላቀለ ይለዝበዋል። "የአንድ ደቂቃ" የሚባለው የአንድ ደቂቃ ቀላል አማካይ አይደለም፤ ባዶ ማሽን ላይ 32 ሥራ በአንድ ጊዜ ብታስነሳ ከ10 ሰከንድ በኋላ ገና 5 አካባቢ ነው የሚያሳይህ። ከደቂቃ በኋላም 20። ሥራዎቹ ሁሉ አልቀው ደቂቃ ካለፈ በኋላ ደግሞ 12 ይልሃል፤ ማሽኑ ባዶ ሆኖ።

እንግዲህ የልጁ ስክሪፕት በየ10 ሰከንዱ ነው የሚነቃው። ሎዱ 5 ሲል "ይሄማ ባዶ ነው" ብሎ ሌላ ይጨምራል።

የሜክ (ፕሮግራም ከኮዱ የሚገነባው መሣሪያ) ሰዎች ያደረጉትን አይታችኋል? ሜክ ሎዱ ከዚህ በላይ ከሆነ አዲስ ሥራ አታስነሳ የሚባልበት ምርጫ አለው። ለዓመታት በዚህ መዘግየት ሲሰቃዩ ቆይተው፣ በ2022 በወጣው 4.4 ላይ ሊኑክስ ከሆነ ከዚያው ሎድአቭግ ፋይል ውስጥ አራተኛውን ቦታ ወደ ማንበብ ዞሩ። አራተኛው ላይ በ/ የተከፈለ ጥንድ አለ፤ ከመስመሩ በስተግራ ያለው አሁን በዚህች ቅጽበት እየሮጡ ወይም ለመሮጥ የተሰለፉት ብዛት ነው። አልለዘበም፣ አላረጀም። ቀበና፣ ያንኑ ፋይል ከፍተህ ቦታውን ብቻ ሦስት ወደ ቀኝ ብትለው እስማማ ነበር።

ቀበና_ማዶ

ተቀብያለሁ እትዬ። ሦስት ወደ ቀኝ 😄

የላብ_ዘበኛ

እትዬ፣ የተማሪዎቹ ሆም ፎልደር በሙሉ ኤንኤፍኤስ ላይ ነው። እንግዲህ ሎድ አቨሬጅ ለእኔ አይሆንም።

/ፕሮክ/ስታትን በልዩነት ማንበቡ ገባኝ፣ ዛሬውኑ እቀይረዋለሁ። የሁለተኛው ችግሬ መልስ ግን አልመጣልኝም። አራቱም 100 ሲሉ ማንን ልምረጥ?

ከርነል_ነካሽ

ዋናው ነገር እሱ ነው፤ ለዚህ ነው ክሩ እንዳይዘጋ የፈለግኩት።

ሲፒዩ ምን ያህል እንደተያዘ የሚነግር ቁጥር 100 ላይ ጣሪያ ይመታል። 32 ትሬድ ባለው ማሽን ላይ 32 ሥራ እየሮጠ ከሆነ 100 ነው። 64 ከሆነም 100 ነው። 300 ከሆነም እንዲሁ። የመጀመሪያው ማሽን ጤነኛ ነው፤ ገንዘቡ በሙሉ ሥራ ላይ ውሏል፣ ማንም አይጠብቅም። ሦስተኛው ላይ ግን እያንዳንዱ ሥራ ዘጠኝ አሥረኛ ዕድሜውን በወረፋ ያሳልፋል። መገናኛ ላይ ታክሲው ሁሉ ሞልቶ መሄዱ ሰልፉ የት ድረስ እንደደረሰ አይነግርህም። አንተ መለካት ያለብህ ሰልፉን ነው።

ወረፋ ላይ የቆመ ሥራ መኖሩን የሚለካ ነገር አለ፤ ፒኤስአይ ይባላል፣ ፕሬዠር ስቶል ኢንፎርሜሽን። የፌስቡኩ ዮሃነስ ዋይነር ጽፎት በ2018 መጨረሻ ከርነል 4.20 ላይ ገባ። /ፕሮክ/ፕሬዠር/ ውስጥ ሲፒዩ፣ ሜሞሪ እና አይኦ የሚባሉ ፋይሎች ታገኛለህ። የሲፒዩውን ስትከፍት እንዲህ ያለ መስመር ይወጣል (ቁጥሮቹን ለምሳሌ ነው ያስቀመጥኳቸው)፦

ሰም አቭግ10=41.20 አቭግ60=37.85 አቭግ300=12.03 ቶታል=918273645

ሰም የእንግሊዝኛው "የተወሰኑት" ነው። አቭግ10 ማለት፣ ባለፉት 10 ሰከንዶች ገደማ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሥራ ሲፒዩ ፈልጎ ሳያገኝ የቆመበት ጊዜ ድርሻ ነው። ቶታል ደግሞ ያው የመቆሚያ ጊዜ በማይክሮሰከንድ እየተጠራቀመ ነው። አማካዮቹ በየ2 ሰከንዱ ነው የሚታደሱት፤ ከዚያ የፈጠነ ነገር ካማረህ ቶታሉን ራስህ ሁለቴ አንብበህ ቀንስ። "ፉል" የሚል ሁለተኛ መስመር ካየህ እለፈው፤ ለሲፒዩ በሲስተም ደረጃ ትርጉም የለውም፤ ለሜሞሪና ለአይኦ ግን አለው።

አንድ ጥሩ ነገር፦ በየጊዜው እየነቃህ መጠየቅም ላያስፈልግህ ይችላል። ፋይሉን ለመጻፍ ከፍተህ "ሰም 150000 1000000" ብትጽፍበት፣ በአንድ ሰከንድ መስኮት ውስጥ መቆሙ ከ150 ሚሊሰከንድ ሲያልፍ ከርነሉ ፖል በሚባለው ጥሪ በኩል ይቀሰቅስሃል። አንድሮይድ ሜሞሪ ሲጠብ የትኛውን አፕ እንደሚገድል የሚወስነው ፕሮግራም ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ በዚህ ዓይነት መንገድ በሜሞሪው ፕሬዠር ነው የሚነቃው።

ሌሊት_አሽበርን

ከርነል_ነካሽ ጥሩ ብሏል፣ ከሲግሩፕ (ከርነሉ ሥራዎችን በቡድን የሚለካበትና የሚገድብበት መንገድ) በኩል ልጨምር። እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ ዳታ ሴንተር ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ነኝ፤ ከምሰማው ቅሬታ ብዙው "ሲፒዩው ባዶ ነው፣ አፑ ግን ቀርፋፋ ነው" የሚል ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ኮታ ነው። ኮንቴይነሩ (ከሌላው ተከልሎ የሚሮጠው ፕሮግራም) የሁለት ሲፒዩ ኮታ ተሰጥቶታል እንበል። ሲግሩፕ ቪ2 ላይ ሲፒዩ.ማክስ ውስጥ "200000 100000" ተብሎ ይጻፋል፤ በየ100 ሚሊሰከንዱ 200 ሚሊሰከንድ የሲፒዩ ጊዜ ማለት ነው። ውስጡ ያለው ፕሮግራም ግን ስንት ኮር አለ ብሎ ሲጠይቅ 32 ይባላል፣ 32 ትሬድ ያስነሳል። ሠላሳ ሁለቱም አብረው ሲሮጡ ኮታው በ6.25 ሚሊሰከንድ ያልቃል። የቀረውን 93 ሚሊሰከንድ ሁሉም ታግደው ይቆማሉ። ከውጭ ስታየው ማሽኑ 6 ፐርሰንት ነው የተያዘው!

ይህንን የሚያጋልጠው /ፕሮክ/ስታት አይደለም፤ የዚያው ሲግሩፕ ሲፒዩ.ስታት ፋይል ነው። እዚያ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደታገደና በጠቅላላው ስንት ማይክሮሰከንድ እንደታገደ ተጽፏል። ደግሞ ተጠንቀቁ፦ ተራ ኮንቴይነር ውስጥ ሆናችሁ /ፕሮክ/ስታትን ብታነቡ የሚታያችሁ የአስተናጋጁ ማሽን ነው፣ የእናንተ አይደለም። ኤልኤክስሲኤፍኤስ የሚባለው መሸፈኛ ከተጫነ ነው የሚሸፈነው።

የፕሮግራም ቋንቋ ሰዎቹም ቀስ ብለው ነቅተዋል። ጃቫ ከ10 ጀምሮ ኮታውን ያያል። ጎ እስከ 2025፣ እስከ 1.25 ድረስ አላየም ነበር።

ጀማሪ_ነኝ_አትሳቁ

ይቅርታ፣ ጥያቄዬ መሠረታዊ ነው። የላብ_ዘበኛ መጀመሪያ የጠየቀው አልተመለሰም መሰለኝ። የከርነሉ ስኬጁለር (ተራ አዳይ) ራሱ አንድን ሥራ ከአንድ ኮር ወደ ሌላው ሲያዛውር የሚያየው ቁጥር አለው አይደል? ያንን ለምን እንዳለ አይሰጠንም? ለምን ሌላ ሌላ ፋይል ተሠራ?

ከርነል_ነካሽ

ማንም አይስቅም፤ እንዲያውም የክሩ ምርጡ ጥያቄ ነው።

አዎ፣ አለው። ፔልት ይባላል፤ ከ3.8 ጀምሮ (2013) አለ። ለእያንዳንዱ ሥራ፣ ለእያንዳንዱ የሲፒዩ ወረፋ አንድ ተንከባላይ ቁጥር ይይዛል። ጊዜን ወደ 1 ሚሊሰከንድ በሚጠጉ ቁራጮች ይከፍልና የቅርቡን አክብዶ የሩቁን ያቀላል፤ ከ32 ሚሊሰከንድ በፊት የተሠራ ሥራ አሁን ከተሠራው ግማሽ ያህል ይመዝናል። አጠቃቀሙ ከ0 እስከ 1024 ባለው ልኬት ይቀመጣል። የሲፒዩን ፍጥነት ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ስኬድዩቲልም ከዚሁ ነው የሚያነበው።

ታዲያ ለምን አይሰጡንም? ከርነሉ ውስጥ የማይሻር ሕግ አለ፤ ለተጠቃሚ ፕሮግራም አንዴ የታየ ነገር አይሰበርም። ዛሬ ፔልትን እንደ መደበኛ ፋይል ብታወጣው፣ ነገ አንተ የጻፍከው ስክሪፕት ይደገፍበታል፣ ከነገ ወዲያ ስኬጁለሩን የሚያሻሽለው ሰው እጁ ይታሰራል። ስኬጁለሩ ደግሞ ይለወጣል፦ ሲኤፍኤስ በ2007 መጣ፣ በ2023 በ6.6 ላይ ኢኢቪዲኤፍ ተተካበት። ስለዚህ የውስጡ ቁጥር በዲበግ ፎልደር በኩል ይታያል፣ ግን ማንም ቃል አይገባልህም። ለውጭ የሚሰጡት ስኬጁለሩ ቢለወጥም ትርጉሙ የማይለወጥ ነገር ነው። "ስንት ማይክሮሰከንድ ጠበቀ" የሚለው በየትኛውም አልጎሪዝም ሥር ትርጉሙ ያው ነው። በግሌ ትክክል ናቸው ባይ ነኝ።

ሌላም ምክንያት አለ። ፔልት ለ32 ሚሊሰከንድ ውሳኔ የተሰፋ ልብስ ነው። አንተ በየ10 ሰከንዱ በኔትወርክ ላይ ብታነበው፣ እስኪደርስህ ድረስ አርጅቶ አርጅቶ ምንም አይቀረውም።

የከርነሉን ውሳኔ ራሱን መቀየር ካማራችሁ ደግሞ ከ6.12 (ኅዳር 2024 በፈረንጅ) ጀምሮ ስኬድ ኤክስት አለ፤ በቢፒኤፍ (ከርነሉ ውስጥ ትንንሽ ፕሮግራም የሚያስኬድ ዘዴ) የራስህን ስኬጁለር ጽፈህ ማሽኑ እየሠራ ትጭናለህ። ለላቡ ግን ማርከሻው ከበሽታው ይብሳል።

ወረፋ_ያዥ

ሁላችሁም ልክ ናችሁ፣ ሁላችሁም የማያስፈልግ ነገር እያወራችሁ ነው።

ሥራውን የሚልከው ማን ነው? ስክሪፕቱ። ስንት ሥራ የት እንደላከ የሚያውቀው ማን ነው? ስክሪፕቱ። ታዲያ ራሱ የሚያውቀውን ነገር ዞሮ ከርነሉን የሚጠይቀው ለምንድን ነው? ተማሪው ሲያስገባ "4 ኮር እፈልጋለሁ" ይበል፤ ከማሽኑ 32 ላይ 4 ቀንስ፤ ሲያልቅ መልስ። ባዶ ከሌለ ይጠብቅ። ፔልት የለ፣ ፒኤስአይ የለ።

ይሄ የእኔ ፈጠራ አይደለም። የሱፐርኮምፒውተር ሥራ አከፋፋዩ ስለርም በዚህ መልክ ነው የሚያከፋፍለው። የኮንቴይነር አስተዳዳሪው ኩበርኔቲስም ፖድ (የኮንቴይነር ጥቅል) የት እንደሚቀመጥ ሲወስን በነባሪ የሚያየው የተጠየቀውን መጠን እንጂ ማሽኑ አሁን ምን ያህል እንደተያዘ አይደለም። ዓለምን የሚያስተዳድሩት ስኬጁለሮች የሲፒዩ ፐርሰንት አያነቡም፣ የእኛ ላብ ግን ማንበብ አለበት?

እትዬ_ተርሚናል

ወረፋ_ያዥ፣ ክርክርህ ጠንካራ ነው፤ ግን የሐበሻ ላብ አላየህም። "4 ኮር እፈልጋለሁ" ያለው ተማሪ ፓይተኑ ውስጥ ያለው የስሌት ላይብረሪ ነምፓይ ሳያማክረው 32 ትሬድ ያስነሳል። "32 እፈልጋለሁ" ያለው ደግሞ አንዷን ኮር ይዞ ሠላሳ አንዱን ያባክናል፤ እንዳይቀርበት ነው የሚጠይቀው። ከዚያም ላይ በስክሪፕቱ በኩል ሳይሆን በኤስኤስኤች ከርቀት ገብቶ በቀጥታ የሚያስነሳ መምህር ይኖራል፤ እሱን ማን ይቆጥረዋል?

ወረፋ_ያዥ

ተማሪውማ በሲግሩፕ ይታሰራል እትዬ። 4 ካለ ሲፒዩ.ማክሱን 4 አድርጌ እዘጋበታለሁ። 32 ትሬድ ቢያስነሳ የሚጎዳው ራሱን ነው። ሌሊት_አሽበርን የነገረን የማገድ ችግር ይደርስበታል፣ መጥቶ ይጠይቃል፣ ይማራል።

ለመምህሩ መልስ የለኝም 😂

እትዬ_ተርሚናል

ለመምህሩ ማንም መልስ የለውም። ለዚህ ነው መለካት የሚያስፈልገው።

ከሁለታችሁ መሐል የቆመ አንድ የቆየ ሥራ አለ፤ በዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ከ1988 ጀምሮ የኖረው ኮንዶር፣ አሁን ኤችቲኮንዶር የሚባለው። ባለቤቱ የተነሳበትን የቢሮ ኮምፒውተር ለስሌት መጠቀም ነበር ሐሳቡ። ኪቦርዱ ከተነካ ስንት ጊዜ እንደሆነው ያያል፣ ሎዱን ያያል፤ ከዚያ ከጠቅላላው ሎድ ላይ ራሱ ያመጣውን ቀንሶ "የሌላ ሰው ሎድ" የሚለውን ለይቶ ያወጣል። መምህሩ የሚገኘው እዚያ ውስጥ ነው። የራስህን ሥራ በመዝገብ ያዝ፣ ያልመዘገብከውን ከከርነሉ ጠይቅ።

ሌሊት_አሽበርን

ማንም ያላነሳው ነገር አለ። አራት ማሽን ስለሆነና አንድ አከፋፋይ ብቻ ስላለ አሁን አይጎዳም፤ ግን አከፋፋዩ ሁለት ሦስት ከሆነ ሁሉም ያንኑ ያረጀ ቁጥር አንብበው ሁሉም ወደዚያው "ባዶ" ማሽን ይጎርፋሉ። በሚቀጥለው ዙር ደግሞ ሁሉም ከእሱ ሸሽተው ሌላው ላይ። ቁጥሩ ምንም ያህል ትክክል ቢሆን ይህ አይቀርም።

ቀላሉ መድኃኒት ዝቅተኛውን አለመምረጥ ነው። ሁለት ማሽን በዕጣ አውጣ፣ ከሁለቱ የተሻለውን ውሰድ። በ1990ዎቹ በሒሳብ የተረጋገጠ ነው፤ አንድ ብቻ በዕጣ ከማውጣት ጋር ሲነጻጸር የሚያመጣው መሻሻል ማመን ያቅታል፣ ከሁለት ወደ ሦስት ስትሄድ ግን የምታገኘው ጭማሪ ትንሽ ነው። ብዙ ሎድ ባላንሰሮች ውስጥ እንደ ምርጫ አለ።

አንድ አከፋፋይ ብቻ ካለ ደግሞ፦ ሥራ በላክ ቁጥር የዚያን ማሽን ቁጥር በራስህ መዝገብ ላይ ወዲያው ከፍ አድርግ፣ አዲስ ንባብ እስኪመጣ አትጠብቅ። የአሥራ አምስቱ ክምር ቀሪው ግማሽ መልስ ይሄ ይመስለኛል።

ጀማሪ_ነኝ_አትሳቁ

ሌላ ጥያቄ ልጨምር? ከርነሉ ይህን ሁሉ ለማንም ተጠቃሚ ማሳየቱ አደጋ የለውም?

ከርነል_ነካሽ

አለው። አንድሮይድ 8 ላይ ተራ አፖች /ፕሮክ/ስታትን እንዳያነቡ የተዘጋው ለዚህ ነው፤ የሲፒዩውን ምት በደንብ የሚያይ ሰው ጎረቤት ፕሮሰስ ምን እየሠራ እንደሆነ መገመት ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ቁጥሩ ሻካራ ሲሆን ሌባ ይደበቅበታል፦ በ2007 ዩዝኒክስ ሴኩሪቲ ጉባኤ ላይ በቀረበ ጥናት፣ ከርነሉ ናሙና በሚወስድባት ቅጽበት ብቻ እየተኛ በመሐሉ ሲፒዩውን የሚበላ ተራ ፕሮግራም በምት ብቻ በሚቆጥሩ ሲስተሞች ላይ ምንም እንዳልሠራ ሆኖ እንደሚቆጠር ታይቷል።

ለአራት የላብ ሰርቨር ግን አይደለም ይህ ሁሉ ስጋት። ተማሪዎቹ የሚሰልሉት የማንን የነምፓይ ሉፕ ነው?

የላብ_ዘበኛ

እሺ፣ ከሰማሁት ተነስቼ እንዲህ ላደርግ ነው፤ የሚያርመኝ ካለ ያርመኝ።

ከእያንዳንዱ ማሽን በየ10 ሰከንዱ ሁለት ነገር አነባለሁ፦ ከ/ፕሮክ/ስታት የአይድልና አይኦዌይት ልዩነት፣ ከፕሬዠር የሲፒዩ ቶታል ልዩነት። ባዶ ኮር ያለው ማሽን ካለ ወደዚያ። ሁሉም ሞልተው ከሆነ መቆሙ ያነሰው ይመረጣል። ሁሉም ላይ መቆሙ ከ20 ፐርሰንት ካለፈ ማንም አይላክም፣ ፎልደሩ ውስጥ ይጠብቃል። የላክሁትን በራሴ መዝገብ ወዲያው እቆጥራለሁ። እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ሲግሩፕ ይኖረዋል።

20 የሚለውን ከአየር ነው ያመጣሁት። ደግሞ የሬድ ሃቱ ማሽን ላይ /ፕሮክ/ፕሬዠር የሚባል ነገር የለም።

ከርነል_ነካሽ

ሁለቱን አብረህ ማንበብህ ጥሩ ነው። መቆሙ ዜሮ ሲሆን ማሽኑ ባዶ ይሁን ልክ ልኩን የሞላ አይለይም፤ ያንን የሚለይልህ አይድሉ ነው። አይድሉ ዜሮ ሲሆን ደግሞ መቆሙ ይቀጥልልሃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ስለ አይድሉ። 32 ትሬድ ስትል 16 ኮር ሃይፐርትሬዲንግ ያለው ከሆነ፣ 50 ፐርሰንት ማለት ግማሽ አቅም ቀረ ማለት አይደለም። ሁለቱ ትሬዶች የአንዱን ኮር ማስያ ክፍሎች ይጋራሉ፤ 16 ከባድ ስሌት ከተቀመጠ በኋላ የሚጨመረው ሥራ የሚያገኘው ትርፍራፊ ነው። ስለዚህ ከ16 በላይ ሲሆን "ባዶ ኮር አለ" አትበል።

20ውን ዝም ብለህ ጀምርበት። ከዚያ የጥቂት ሥራዎችን /ፕሮክ/ የፕሮሰሱ ቁጥር /ስኬድስታት ፋይል ተመልከት። ሦስት ቁጥር አለው፦ ሲፒዩ ላይ የዋለበት ናኖሰከንድ፣ ወረፋ ላይ የጠበቀበት ናኖሰከንድ፣ ስንት ጊዜ ተራ እንዳገኘ። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ስታካፍል ተማሪው የሚሰማውን መንቀራፈፍ በቀጥታ ታገኛለህ፤ ጣሪያህን በዚያ አስተካክል።

ሌሊት_አሽበርን

የሬድ ሃት 8 ከርነል 4.18 ነው የሚለው፣ ግን ፒኤስአይ ወደ ኋላ ተመልሶ ገብቶለታል፤ በነባሪ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። የቡት መስመሩ ላይ "ፒኤስአይ=1" ጨምረህ ሪስታርት አድርገው፣ ፎልደሩ ይመጣል። እዚያው ላይ ሳለህ ሲግሩፕ ቪ2ንም አብራው፤ 8 በነባሪ ቪ1 ነው፣ የየሲግሩፑ ፕሬዠር ፋይል ደግሞ ቪ2 ላይ ነው ያለው። ሁለት ጊዜ ሪስታርት ከማድረግ ትድናለህ።

የላብ_ዘበኛ

እግዜር ይስጥልኝ። አንድ የመመረቂያ ሥራ እየሮጠበት ስለሆነ እሱ እንዳለቀ አስነሳዋለሁ። ስክሪፕቱን ጽፌ ስጨርስ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።

እትዬ_ተርሚናል

ስትጽፈው፣ ማሽን ሲነሳ ቆጣሪዎቹ ሁሉ ከዜሮ እንደሚጀምሩ አስብበት። የአሁኑ ንባብ ከቀድሞው ካነሰ ያንን ዙር ጣለውና ቀጣዩን ጠብቅ። አለዚያ ገና የተነሳው ማሽን አሉታዊ መቆም አስመዝግቦ ሥራው ሁሉ እሱ ላይ ይወርዳል።